የግራው ሳጥን

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ተኳሿ ባሏ መናገሩን የሰማችው እንደማንም ሰው በድምፅ ማጉያ ነው፤ ያውም ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ኋላ፣ ከምሰሶው ጎን ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና የምትጸልይ መስላ ስታንጎላጅ። መድረክ መሪው የእሁዱን የምስጋና ወረቀቶች እያነበበ ነበር። አንዱ ሥራ አግኝቷል፣ አንዷ በሰላም ተገላግላለች፣ የአንዱ ክስ ተዘግቶለታል። ከዚያ ከሁሉም የምታንስ ቁራጭ ወረቀት አነሳ፣ ቀረብ ራቅ አድርጎ አያት፣ "የባለቤቴ አንደበት" ብሎ አነበበ፣ ከታች ያለውን ስም ሲያይ ድምፁ ተሰበረ። "ወገኖቼ፣" አለ፣ "ተኳሿ እህታችንን የማያውቅ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ባሏ አንደበት ያልጸለይንበት እሁድ የለም። ዛሬ ወረቀቷ ከምስጋናው ሳጥን ወጣ። ተናግሯል ማለት ነው።" አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ተኳሿ መባሏን የሰማ እንግዳ ሰው ጠመንጃ ይዛ የዞረች ሊመስለው ይችላል። እሷ ግን በዕድሜዋ አይጥ እንኳ ገድላ አታውቅም፤ ስትተኩስ የኖረችው የሰው ሸሚዝ ነው። ላውንደሪ ቤት ውስጥ ከካውያ ጀርባ አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች፤ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ጀርባ፣ ቀጥሎ የሌላ ሰው ኮሌታ። እንግዲህ ያን ጊዜ፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ፣ እሷም አብራ አጨበጨበች። ጭብጨባው ከእንቅልፏ ስላባነናት እጇ ቀደማት። ማን ምን እንዳገኘ ሳታውቅ "ተመስገን" አለች። የሷው ባል መሆኑ የገባት ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያያት ነው። እጆቿ ሊጋጠሙ ሲሉ ባሉበት ቀሩ። ደስታ አልተሰማትም፣ ድንጋጤም አልተሰማትም። አንድ ሰው የሌላ ደንበኛ ልብስ አምጥቶ "ያንቺ ነው" ብሎ ያስታቀፋት ያህል፣ ዝም ብላ ታቀፈችው።

አጠገቧ የተቀመጠችው እንቁላል ሻጯ ነበረች። ስድሳ ያለፋት፣ ከጉልበቷ ይልቅ ምላሷ የበረታ ሴት ናት፤ የተሰበረ እንቁላል ሸጥሽልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣባት "እኔ ስሰጥህ ደህና ነበር፤ መንገድ ላይ ምን አናደደህ?" ብላ ትመልሰዋለች። አንዲት ልጅ ነበረቻት። ሠርቼ አሳርፍሻለሁ ብላ ባሕር ተሻግራ ከሄደች ስድስት ዓመቷ፤ የመጀመሪያው ዓመት ካለፈ ወዲህ ስልኳም ድምፅዋም የለም። እንቁላል ሻጯ ስለዚህ ነገር ለማንም አታወራም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። አሁን ግን የተኳሿን እጅ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ታለቅሳለች።

"እንግዲያው ይሰማል፣" አለች። "እኔ እኮ ወረቀት ማስገባት ከተውኩ ሁለት ዓመቴ። ምን ያደርግልኛል ብዬ። ይሰማል ለካ። በይ ጻፊልኝ፣ መነጽሬን ቤት ትቼ ነው የመጣሁ።"

ተኳሿ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ምን ብላ ትንገራት? እሷ ራሷ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ገና አልገባትም። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ባሏ ያው እንደ ትናንቱ ነበር። ወረቀቷን ሳጥን ውስጥ ስትከት ታስታውሳለች፤ ያውም እንደ ሁልጊዜው፣ ከበሩ ስትገባ፣ በግራ እጇ፣ ሳታይ። እስክሪብቶውን ተቀበለችና "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለች። እንቁላል ሻጯ ትንሽ አሰበች። ስድስት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነገር ነበራት፤ ሁሉም በአንዴ አልወጣ አላት። "ልጄን በይ። በቃ። ሌላ ምን አለ?" ተኳሿም "ልጄን" ብላ ጻፈችላት። አሮጊቷ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ፣ ጉባኤው ሲበተን ከሰው ፊት ቀድማ ሄዳ፣ ከበሩ ጎን ካሉት ከሁለቱ የእንጨት ሳጥኖች በግራው ውስጥ ከተተችው። ክዳኑንም በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ እንቁላል ለደንበኛ አሽጋ ስታስረክብ እንደምታደርገው።

ሰው እያቀፋት፣ እየሳማት፣ "እንኳን ደስ አለሽ" እያላት ተኳሿ ሳጥኖቹ ዘንድ የደረሰችው ብዙ ቆይታ ነው። ግድግዳው ሐሙስ ዕለት ቀለም ተቀብቶ ሽታው ገና አልለቀቀም። ቀና ብላ አየች። በግራው ሳጥን ላይ "ምስጋና" ይላል። በቀኙ ላይ "የጸሎት ርዕስ" ይላል። አራት ዓመት ሙሉ በተቃራኒው ነበሩ። ቀለም ቀቢው አውርዷቸው ነበር፤ ሲመልስ የትኛው የት እንደነበር ማን ያስታውሳል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጅ ወለምታስ በምን ይታሽ? ወረቀቱ ላይ ዘርዘር አድርጋ ጽፋ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይተርፋት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ወረቀቱን ፊትና ጀርባ ትሞላው ነበር፤ ሐኪሙ ያለውን፣ ያላለውን፣ ሌሊት ያየችውን ሕልም፣ ስእለቷን። በሁለተኛው ዓመት ግማሽ ገጽ ሆነ። በሦስተኛው አንድ መስመር። አሁን ሁለት ቃል። እግዚአብሔር ዝርዝሩን ያውቀዋል ትላለች፤ እውነቱ ግን መጻፉ ሰልችቷት ነው። እምነቷ ጠፍቶ አይደለም። እግር ብዙ ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዘው ደንዝዟል፤ እንዳለ ታውቃለች፣ ስትነካው ግን አይሰማትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። እሷን ግን ከገደዳት ዓመት አልፎታል።

ሽማግሌው፣ ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ በሩ ላይ ሰው እየሸኘ ነበር። አጠገቡ ሄዳ ቆመች። "ጋሼ፣" አለች፣ "ሳጥኑ..." ሽማግሌው እጇን ጨብጦ "አማረ አይደል? ቀለሙ አብርቶታል፣" አለና ወዲያው ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ከዚያ መለስ ብሎ "እህቴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔና እናታችን እንመጣለን። ከራሱ ከባለቤትሽ ጋር ሆነን እናመሰግናለን። እንዳትለፊ፣ ምንም ነገር እንዳታዘጋጂ፣" አላት። እናታችን ያላት እንቁላል ሻጯን ነው። ተኳሿ ቆማ አየችው። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልጋት። አልተናገረም፣ ብላ መሄድ። "እሺ፣" አለች። ለምን እሺ እንዳለች ኋላ ብዙ አሰበችበት። አንደኛው ደክሟት ነው። ሁለተኛው ግን ያሳፍራታል፤ አራት ዓመት ሙሉ "አይዞሽ" ሲሏት ከኖረች በኋላ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እሷን አይቶ ደስ ብሎት ነበር።

ምንም እንዳታዘጋጂ የተባለ ሰው ማዘጋጀት እንዳለበት ያውቃል። መንገድ ላይ ስኳርና ዳቦ ገዛች። ባለሱቁን ዳቦው ዋጋው ሳይቀንስ ካለፈው ሳምንት ማነሱን ስትነግረው "እኔም ቀንሻለሁ፣ ማን አየኝ?" ብሎ ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። ሳቀች። ስትስቅ ራሷን ሰማችውና ደነቃት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ውሸቱ እንደ ደህና ነገር ስኳር እያስገዛ ይዟት ይሄድ ነበር። ደረጃውን ስትወጣ ለባሏ የምትለውን አዘጋጀች። አንደኛ ፎቅ ላይ "አንድ ስህተት ሠርቻለሁ" ነበር። ሁለተኛው ላይ "ሳይታወቅ በስህተት ተነበበ" ሆነ። ሦስተኛው ፎቅ በራቸው ላይ ስትደርስ "እንግዶች ይመጣሉ" ብቻ ቀረ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በውጪኛው ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን፣ የባሏ እህት የምትተኛበት ፍራሽ፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ የጸጉር አስተካካይ ወንበር አለ። ባሏ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ደንበኞቹ ሬዲዮ ይሉት ነበር፤ መቀሱ አርፎ ያውቅ ይሆናል፣ እሱ ግን አርፎ አያውቅም። መስታወቱ፣ ማሽኑ፣ ፎጣው ሁሉ ተሽጦ ወንበሩ ብቻ ቀረ፤ ለእሱ ከየትኛውም ወንበር ይመቸዋል፣ ወደ ኋላም ይዘረጋል። አሁን እሱ ላይ ተቀምጦ ከመስኮቱ ውጪ ያያል። ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ አንደበቱ የለም። ጆሮውና ልቦናው ግን እንዳለ ነው፤ ከሁለቱ የሚከፋው የትኛው እንደሆነ ተኳሿ አልለየላትም። ለመነጋገር የግራ እጁ ቀለበት አለ። የወንበሩን የብረት ክንድ አንዴ ከመታ አዎ ነው፣ ሁለቴ ከመታ አይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰው እየገመተ ይጠይቀዋል።

የባሏ እህት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ድንች ትልጣለች። ተኳሿ እታለም ትላታለች፤ እሷ ግን ተኳሿን በምንም አትጠራትም። ወንድሟ የወደቀ ዕለት ነው የቀረው። ያን ቀን ተኳሿ ጾም ጸሎት ላይ ነበረች፤ ጸሎቱ በሁለት ሰዓት ረዘመ፣ ስትመለስ ባሏ መሬት ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እታለም ጨረሰችው። "አንቺም እዚያ ነበርሽ፣ እሱም እዚያ ነበር። ወንድሜ ግን እዚህ ነበር፣" አለቻት፣ "እሱም" ስትል በጣቷ ወደ ላይ እያሳየች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ ልብሷን ይዛ መጣች፣ ተኳሿ ሥራ ስትውል ወንድሟን ታያለች፣ ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን እግሯን አታስገባም። ሁለቱ ሴቶች የሚነጋገሩት ሳሙና ሲያልቅ፣ ጋዝ ሲያልቅና መድኃኒት ሲያልቅ ነው። ሁሉም ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ከውጪ ለሚያያቸው ደህና የሚነጋገሩ ይመስላሉ።

"እንግዶች ይመጣሉ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣" አለች ተኳሿ።

"እነማን?"

"ከቤተ ክርስቲያን።"

እታለም የላጠችውን ድንች ውሃ ውስጥ ጣለችና ሌላ አነሳች።

እሁድ እሁድ ባሏን የምትላጨው ተኳሿ ናት። ሳሙናውን አረፋ አድርጋ ፊቱን ቀባችው፣ ምላጩን አወጣች። እሱ ሙያተኛ ነው፤ ምላጩን ጠመም አድርጋ ከያዘች ሁለቴ ይመታል፣ አንገቱ ጋ ከላይ ወደ ታች ከሄደች ሁለቴ ይመታል። ደህና ስታደርግ ዝም ይላል። ዛሬ ዝም አላት። ጉንጩን ጨርሳ አገጩ ጋ ስትደርስ ፊታቸው ተቀራረበ። ሊነገር የሚገባው ሰዓት ያ ነበር። ያለ እሱ ፈቃድ አራት መቶ ሰው ፊት ስለ እሱ የተባለውን ለማንም ሳይሆን ለእሱ መንገር ነበረባት። "ዛሬ..." አለች። ዓይኑን አነሳ። "ዛሬ መዝሙሩ ጥሩ ነበር፣" አለችው። ለረጅም ጊዜ አያት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነው፣ መዝሙር ጥሩ ነበር ብላ የምታወራ ሴት እንዳልሆነች ያውቃል። ሆኖም የቀረበለት ጥያቄ ስላልሆነ የሚመታው ነገር አልነበረውም። ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ጠረገችለት፣ የተኮሰችውን ሸሚዝ አለበሰችው። ኮሌታው ምላጭ ነበር።

እንግዶቹ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ሽማግሌው ሦስት ፎቅ ወጥቶ ስለደከመው በሩ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። እንቁላል ሻጯ ግን የተኳሿን ሰላምታ እንኳ ሳትጠብቅ፣ የያዘችውን የእንቁላል ዘንቢል ለእታለም አስረክባ፣ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ሄደች። ጎንበስ አለችና የባልየውን ጉልበት ያዘች። ፊቷ በርቷል።

"ልጄ፣" አለችው፣ "እንኳን ለዚህ አበቃህ። እስቲ አንዲት ቃል ብቻ አሰማኝ። ሌላ አልፈልግም። 'እናቴ' በለኝ።"

እሱ መጀመሪያ ያልገባው መሰለ። እንቁላል ሻጯን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን አየ። ተኳሿ ፔርሙዙን ይዛ መሐል ወለል ላይ ቆማለች። ቀጥሎ ያደረገውን ተኳሿ እስክትሞት አትረሳውም። ሞከረ። አሮጊት ሴት ለምናው እምቢ ላለማለት ሞከረ። የአፉ ግራ ጥግ ተከፈተ፣ የአንገቱ ጅማት ተገተረ፣ አየር ወጣ፣ ከአየሩ በኋላ ምራቅ ተከተለ። "አይዞህ፣ ቀስ ብለህ፣" አለችው እንቁላል ሻጯ። እንደገና ሞከረ። ኮሌታው ረጠበ።

"ተዉት፣ እናቴ፣" አለች ተኳሿ። ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "አልተናገረም። እኔ ሳጥን ተሳስቼ ነው። ግድግዳው ሲቀባ ሳጥኖቹ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ እኔ ሳላይ እንደለመድኩት በግራው ከተትኩት። ዛሬ ጠዋት የተነበበው ምስጋና አይደለም። ልመና ነው። ያው የድሮው ልመና ነው።"

እታለም ከምድጃው ዞር አለች። "ተናገረ ተብሎ ተነበበ?" አለች። "በሰው ፊት?"

"በሰው ፊት።"

ተኳሿ መሐረብ አወጣችና የባሏን አገጭ ጠረገች፣ ኮሌታውን አደረቀች። ዓይኑን ለማየት ድፍረት አልነበራትም። ሽማግሌው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው።

"ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልነግርዎት ነበር። ቀለሙ አማረ አሉኝ።"

ሽማግሌው አቀረቀረ። እንቁላል ሻጯ የባልየውን ጉልበት እንደያዘች ነበረች። ቀስ ብላ ለቀቀችውና ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "እኔስ?" አለች፣ "የኔ ወረቀት የት ነው ያለው?"

"በግራው ነው የከተቱት። እሱም የምስጋናው ውስጥ ነው።"

"እንግዲህ በሚቀጥለው እሁድ ልጄ ትገኛለች ማለት ነው፣" አለች አሮጊቷ። ለመቀለድ ነበር። ከንፈሯ ግን ቀልዱን አልያዘላትም፤ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። ሽማግሌው ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። "ዛሬውኑ ሄጄ አወጣዋለሁ። ወደ ቀኙ አዛውረዋለሁ፣" አላት። እንቁላል ሻጯ ቁልፉን ለአፍታ አየችው። ስድስት ዓመት ልጅ የጠበቀ ሰው አንድ ነገር ለመወሰን አይቸኩልም።

"ተወው፣" አለች። "እሱ ማንበብ የሚያውቅ ከሆነ ከየትም ሆኖ ያነበዋል። ብቻ እናንተ በድምፅ ማጉያ እንዳታነቡብኝ።"

ሽማግሌው ስለ እግዚአብሔር ጊዜ ጥቂት ተናገረ። ቃሉ ጥሩ ነበር፣ ተኳሿም ታምንበታለች፤ ብዙ ጊዜ ስለሰማችው ግን ጆሮዋ ላይ አርፎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሲጨርስ "ጋሼ፣" አለችው፣ "እኔ አላቆምኩም። አንድ እሁድ አልቀረሁም። ግን የምትጸልየው እጄ ናት። እኔ እዚያ የለሁበትም።" ይህንን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ተናግራው ምንም አልሆነችም፤ ጣሪያው አልወደቀም፣ እሷም አልቀለላትም። ሽማግሌው ጥቅስ ፈልጎ ዝም አለ። ይህ በበኩሉ ደህና ነገር ነበር።

"እንግዲያው አሁን ስለ አንደበቱ እዚሁ እንጸልይ፣" አለ በመጨረሻ።

ቀለበቱ ብረቱን ሁለቴ መታ።

ሁሉም ዞሩ። "ምን አለ?" አለ ሽማግሌው። "አይ ነው ያለው፣" አለች እታለም፣ ወንድሟን እያየች። ሽማግሌው ግራ ተጋባ። "ስለ እጁ ነው?" ሁለቴ መታ። "ስለ እግሩ?" ሁለቴ። "ቤት ኪራይ ነው?" አለች እንቁላል ሻጯ። ሁለቴ። ደህናውን እጁን ከወንበሩ ክንድ ላይ አነሳና ጣቱን ቀሰረ። ሁሉም የጣቱን አቅጣጫ ተከተሉ። እዚያ ጠረጴዛው ላይ ፔርሙዙ ነበር። "ሻይ አምሮት ነው፣" አለች እንቁላል ሻጯ። እታለም ብርጭቆ አነሳች። እሱ ጣቱን እንደቀሰረ ራሱን ነቀነቀ፣ ክንዱ በድካም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተኳሿ ከፔርሙዙ ጎን ቆማ ነበር። ጎንዋን አየች፣ ኋላዋን አየች፣ ከግድግዳ በቀር ማንም የለም።

"እኔን ነው?" አለች።

እጁ ወረደ። አንዴ መታ።

ተኳሿ በአራት ዓመት ውስጥ ያስገባችው ወረቀት ቢደመር አንድ ጆንያ ይሞላል። በአንዱም ላይ ስለ ራሷ የተጻፈ ነገር የለም። "እኔ ምንም አልሆንኩም፣" አለች። "ምንም አልፈልግም።" እሱ ሁለቴ መታ፤ ጠንከር አድርጎ፣ ምላጩን ጠመም አድርጋ ስትይዝ እንደሚመታው። "እሺ፣ ስለሷ ምን ብለን እንጸልይ?" አለ ሽማግሌው። ተኳሿ ራሷም አላወቀችውም። እንደ ልብስ ውስጧን ገልብጣ ፈለገች፣ የምትለምነው አንድ ነገር አላገኘችም። እንደዚያ ባዶ መሆኗ ያን ጊዜ ትንሽ አስፈራት።

"እንቅልፍ፣" አለች እታለም።

ብርጭቆውን እንደያዘች፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነው ያለችው። "አትተኛም። ጎኑ እንዳይቆስል በየሦስት ሰዓቱ እየተነሳች ታገላብጠዋለች። ሰዓቱ ይጮኻል፣ ትነሳለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ትተኛለች። ጠዋት ስትወጣ ካውያ ላይ ነው የምትቆመው። አራት ዓመት። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሌ እሰማለሁ።" ብርጭቆውን አስቀመጠች። "እሰማለሁ፣ ግን አልነሳም። ይበላት እያልኩ ነው የምተኛው።"

ተኳሿ ልትቆጣ የሚገባት መስሏት ነበር፤ ቁጣ ግን አልመጣላትም። ሽማግሌው "እንጸልይ" አለና ተነሳ። እንቁላል ሻጯ የተኳሿን ክንድ ይዛ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት፣ ጀርባዋንም ቁም ሣጥኑ ላይ አስደገፈቻት። ሽማግሌው እጁን ራሷ ላይ ጫነ። እጁ ከበድ ያለና ሞቅ ያለ ነበር። "አባት ሆይ፣" አለ፣ "ይህቺ ልጅህ እንቅልፍ ትፈልጋለች።" ጥሩ አጀማመር ነው ብላ አሰበች። ከዚያ እንቁላል ሻጯ ከሥር ስታጉረመርም ሰማች፣ ድንቹ ሲንተከተክ ሰማች፣ ሽማግሌው "አንተ የማታንቀላፋ" ሲል ሰማች። ከዚያ ወዲያ የሰማችው የለም።

ስትነቃ ብርሃኑ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ወርዷል። ጫማዋን አውልቀውላታል፣ ፎጣ ደርበውላታል። እንግዶቹ የሉም። ብርጭቆዎቹ ታጥበው ጨርቅ ላይ ተደፍተዋል፣ ከአጠገባቸው በሳህን የእንቁላል ሻጯ እንቁላሎች ተደርድረዋል። ባሏ ወንበሩ ላይ ነው፤ ኮሌታው ተቀይሯል። ያያታል። አፉ ያው ነው። አንደበቱም ያው የለም። የተለወጠ ነገር ፈለገች፤ እግሯ ከመደንዘዙ በቀር ያገኘችው የለም። ጎንበስ ብላ አሸችው፣ ቀስ በቀስ መውጋት ጀመረ።

እታለም መስኮቱ ሥር ቆማ ከልብስ መስቀያው ልብስ ታነሳለች። ተኳሿ ወደ ውስጠኛው ክፍል በር አየት አደረገች። ከአልጋው ራስጌ የማይጠፋው የሚጮኸው ሰዓት በቦታው የለም። ወደ ፍራሹ ዞረች። በትራሱ አጠገብ፣ እታለም በምትተኛበት በኩል ተቀምጧል።

"ጸሎቱ አለቀ?" አለች ተኳሿ። ድምጿ ሻካራ ነበር።

"ከሁለት ሰዓት በፊት።"

"አሜን ሳልል ነው እኮ የተኛሁት።"

እታለም የወንድሟን ሸሚዝ በአየር ላይ አራገፈች፣ እጅጌውን ከእጅጌው ገጠመች፣ ለሁለት አጠፈችው።

"እኔ ብዬልሻለሁ፣" አለች ሳትዞር። "ነይ ድንቹን ብዪ፣ ቀዝቅዟል።"